በድምፅ የተያዘች

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወረድ ብሎ፣ በአንድ በረንዳ ላይ፣ ባንተአምላክ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ዕድሜው ስድሳን ተሻግሯል። ሱሪ ያሳጥራል፣ ቀሚስ ያጠባል፣ የሟች አባትን ኮት ለልጁ ልክ ያደርጋል። እንጀራው ይህ ነው። ነፍሱ ግን ከስፌት መኪናው ሥር ነበረች፤ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ቴፕና ጥቂት ካሴቶች ዘንድ።

ካሴቶቹ ከሙዚቃ ቤት የተገዙ አይደሉም። ባንተአምላክ ሙዚቃ ቤት የተቀዳ ዘፈን አይወድም። ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ የተሰቀለ ልብስ ነው፤ ገና ሰው አልለበሰውም ይላል። እሱ የሚወደው ከሕዝብ መሐል በስርቆሽ የተቀዳውን ነው። ዘፋኟ ትንፋሽ ሲያጥራት የሚሰማበት፣ ከኋላ የተቀመጠ ሽማግሌ የሚያስልበት፣ ሰካራም ያለ ቦታው የሚያጨበጭብበት፣ ጊታሩ ስቶ ስቶ መንገዱን የሚያገኝበት። የሠርግ ቤት አዝማሪ አለው፣ ለወታደሮች የተጫወተ ባንድ አለው። ከሁሉም ግን አንዱ ካሴት ይበልጥበታል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ባንተአምላክ ገና ጎረምሳ ነበር። የአውራጃው የኪነት ቡድን በከተማው አዳራሽ ተጫወተ። ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረው፣ ድራም ነበረው፣ ከደጅ የሚያጓራ ጄነሬተርም ነበረው። መቅዳት ክልክል ስለሆነ በር ላይ ይፈተሻል። ባንተአምላክ ቴፑን ከጋቢው ሥር በብብቱ ይዞ ገባ። ያምሮት የምትባል ከወምበርማ የመጣች ቀጭን ልጅ መድረክ ላይ ወጣች፤

የላህ ወንዝ ሞላና አላሻግር አለኝ፣
ከማዶ ይጠራል፣ ድምፁ ብቻ ቀረኝ።

እያለች ገና ሳትጨርስ ጄነሬተሩ ተንተፋተፈና ሞተ። ጊታሩ፣ ማይኩ፣ መብራቱ አንድ ላይ ጠፉ። የባንተአምላክ ቴፕ ግን በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው፤ መዞሩን አላቆመም። በጨለማው አንዱ አፏጨ፣ ሌላው ሳቀ። ያምሮት ያለ ማይክ፣ በባዶ ጉሮሮዋ ቀጠለች፤

መብራቱ ቢጠፋ፣ ፊቴ ባይታያችሁ፣
በድምፄ ያዙኝ እንዳልጠፋባችሁ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበላት። ጭብጨባው መጀመሪያ ብትንትን ያለ ነው፤ ኋላ ቀስ እያለ የአንድ ሰው ልብ ምት ይሆናል። ባንተአምላክ እዚህ ቦታ ሲደርስ መቀሱን ያስቀምጣል። ዓይኑን ይጨፍናል። ሚስቱ እታለም ታውቅበታለች፤ "አንቱ ሰውዬ፣ ያችን ሴት ቢያገቧት ኖሮ እንዲህ አይሰሟትም ነበር" እያለች ትተርበዋለች። እሱም ይስቃል። ያምሮትን ከዚያ ወዲህ አይቷት አያውቅም። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፣ እሷም ሞተች ተባለ።

ዘመን የካሴትን ክር ይበላል። አምና ካሴቱ መንሿሿት ሲጀምር ባንተአምላክ ፈራ። ቡሬ ላይ ሞባይልና ሚሞሪ የሚሸጥ በድሩ የሚባል ልጅ የድሮ ካሴት ወደ ሚሞሪ ይገለብጣል ሲባል ሰምቶ፣ በጸጥታው ችግር ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ቀን ቴፑን አቅፎ ቡሬ ወረደ። በድሩ ቴፑን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ስልኩን መነካካት ያዘ። መብራቱ የጠፋበት ቦታ ሲደርስ ግን ስልኩን አስቀመጠና ቀና አለ። ማን ናት ብሎ ጠየቀ። ሞታለች አለው ባንተአምላክ። በድሩ ለራሴም ላስቀር ወይ ቢለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ሲሰማ የኖረ ሰው ነውና ባንተአምላክ ደስታውን አልደበቀም።

"ያዘው። ለወደደው ሁሉ ስጥ" አለ።

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት የለም። ወጣቱ ዘፈን የሚለዋወጠው በሚሞሪ ነው። የያምሮት ድምፅ ከቡሬ ባጃጅ ዱርቤቴ ሚኒባስ፣ ከዱርቤቴ ሊበን ወፍጮ ቤት ደረሰ። ዞሮም ፍኖተ ሰላም ገባ። ባንተአምላክ በረንዳው ላይ ሆኖ የዚያን አዳራሽ ጭብጨባ ከአስፋልቱ ሲሰማ፣ ልጁን እንደዳረ ሰው ይኩራራ ነበር። ያን ያህል የተደሰተበት ወራት እንደሌለ እታለም ትናገራለች።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት መነኩሲት መቋሚያቸውን ተደግፈው በረንዳው ላይ ወጡ። የሚጣፍ ልብስ ይዘው የመጡ መስሎት ወንበር አቀረበላቸው። ተቀመጡ። በጨለማ የተዘፈነውን ዘፈን የቀዳው እሱ እንደሆነ ጠየቁት። አዎ አለ፣ እንደ መኩራት እያለ።

"እማሆይ ወለተ ኢየሱስ እባላለሁ" አሉ። "በፊት ያምሮት ነበርኩ።"

ባንተአምላክ መርፌውን እንደያዘ ተነሣ። ፊታቸው ላይ ያችን ልጅ ፈለጋት። ከዚያች ምሽት ወዲህ ግን የሚያውቃት በድምፅ ብቻ ነበር፤ የእማሆይ ድምፅ ደግሞ ሻክሯል፣ ደርቋል። ያ ድምፅ ባጃጁ ላይ እንጂ እዚህ ወንበር ላይ የለም።

እማሆይ ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱት። ገዳማቸው ከሽንዲ ወዲያ ቆላ ውስጥ ነው። ለገዳሙ ጉዳይ ወደ ዱርቤቴ ሲሄዱ ሚኒባሱ ውስጥ የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። ወረዱ። በእግር ቢሄዱ ባጃጅ እየዘፈናቸው አለፈ። ማን ቀዳው ብለው ሹፌሮቹን እየጠየቁ እዚህ ደረሱ። የመነኮሱ ዕለት እንደ አስከሬን ተሸፍነው፣ ካህናቱ ግንዘት ደግመውላቸዋል፤ የዓለም ስማቸውም ዘፈናቸውም በዚያ ተቀብሯል። እንዲያ ነበር የሚያምኑት።

"ሞቻለሁ ወንድሜ" አሉ። "ሞቼ ሳለሁ በየመኪናው እዘፍናለሁ። ለጸሎት ስቆም ጭብጨባው ይመጣብኛል።"

ባንተአምላክ ካሴቱ ከእጁ ሊወጣ እንደሆነ ገብቶታል። ሕፃን እንደሚለምን ዓይነት፣ "በድምፄ ያዙኝ ያሉን እኮ እርስዎ ነዎት" አለ።

"እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ልቀቁኝ እላለሁ።"

ባንተአምላክ ካሴቱን አውጥቶ ክሩን መዘዘው። የከሰል ካውያውን ክዳን ከፍቶ ክሩን ፍሙ ላይ ጨመረ፤ ተኮማተረ፣ ጥቁር ጭስ ሆነ። በድሩ የሰጠውን ሚሞሪም በመቀስ ቆረጠው። እታለም ከጓዳ ብቅ ብላ አይታ ተመለሰች፤ ያን ቀን አልተረበችም። እማሆይ በረጅሙ ተነፈሱ። ያን ጊዜ ነው የቡሬውን ነገር መናገር የነበረበት፤ ተናገረም። እማሆይ እንደ ተዋሱት ሞፈር ከየቤቱ የሚሰበሰብ መስሏቸው፣ ሄደው ይመልሱልኝ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን አድሬ እጠብቅዎታለሁ አሉት። እንደማይሆን ልቡ ነግሮታል። ግን እንዴት ብሎ እንቢ ይበል? ሄደ።

በድሩ መነኩሲት ናቸው ሲባል አንድ ቃል አልተከራከረም። ከኮምፒውተሩም ከስልኩም እያሳየው አጠፋ። ከዚያ ባንተአምላክ የቀረውንስ አለው።

"አባባ፣ ገብሱን መንገድ ላይ በትነነዋል፤ ወፉ ሁሉ ለቅሟል። የትኛዋን ወፍ ይዤ ላምጣልዎ?"

ባንተአምላክ ግን ባጃጅ ተራ ድረስ ሄዶ ለመነ። አንዱ ሹፌር አዝኖለት አጠፋ። ጓደኛው እዚያው በቆሙበት እየሳቀ መልሶ ላከለት።

በማግስቱ እማሆይን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ አልሸፈነም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት።

"እርስዎስ?" አሉት በመጨረሻ።

"እኔ ከእንግዲህ አልሰማም።"

"እንግዲያው አንድ ሰው ቀነሰ" አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ለመሰናበትም አልቆሙ፤ ረስተውት ይሁን ተከፍተው አላወቀም። ኋላ የሽንዲ ነጋዴዎች ሲያወሩ፣ እማሆይ ያንንም ገዳም ትተው መኪና ወደማይገባበት ወደ ዓባይ በረሃ ወርደዋል ተባለ። እዚያስ ስልክ የያዘ እረኛ አይጠፋም ብሎ አሰበ ባንተአምላክ። ለማንም አልተናገረም።

ቃሉን ጠብቋል። ካሴት የሚባል አይነካም፤ ሌሎቹንም ለእታለም ሰጥቷት ደብቃቸዋለች። መንገዱ ግን ቃል አልገባም። ሹፌሮቹ ደስ የሚለው እየመሰላቸው በረንዳው ጋ ሲደርሱ ድምፁን ከፍ ያደርጉለታል። ዝጉልኝ ሲላቸው ይዘጋሉ፤ ጥግ ዞር ሲሉ ይከፍታሉ። በሰኔ መጀመሪያ የስፌት መኪናውን ከበረንዳው አንሥቶ ወደ ጓዳ አስገባ። ጓዳው መስኮት የለውም፣ በቀን አምፖል ይፈልጋል፤ ደንበኛም ዘጋ መስሎት አልፎ ይሄዳል። እታለም አትነዘንዘውም። ከመንገድ የባጃጅ ድምፅ ስትሰማ ከምድጃዋ ተነሥታ ትመጣና በሩን ልዝጋው ወይ ትለዋለች።

ዝጊው ይላታል።