ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አባቴ

አባቴ አዲስ አበባ ሄደው የተዘጋው የልባቸው ደም ሥር ተከፈተላቸው። ደብረ ታቦር ሲመለሱ ልባቸው ደህና ነበር፤ መነጽራቸውን ግን በርበሬ ዕቃ ውስጥ አገኘነው። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮናል፤ ከእንዲህ ያለ ሕክምና በኋላ አንዳንድ አዛውንት ነገር ይረሳሉ፣ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፣ ሁሉም ግን አይደሉም። አጫውቷቸው አለን።

እኔ መምህር ነኝና ማጫወትና መፈተን አይለይልኝም። በየጠዋቱ "አባየ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" እላለሁ።

"ምነው፣ ተማሪ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ አጣ ወይ?" ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ጊዜ ቀኑን አላውቀውም ነበር።

የፈራሁት ሌላ ነው። በአጥቢያችን ልጅ ከመዳሩ በፊት ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ ትውልዳቸውን የሚቆጥሩት አባቴ ናቸው። ሁሉንም በቃላቸው ነው የያዙት። ልጻፈው ስላቸው "ወረቀት ለቀበሌ ነው" ብለው ያባርሩኛል። አንድ ስም ቢስቱ ግን ዘመዳሞች ይጋባሉ፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ ሰው ፊት የሚቀመጡ አይመስለኝም ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ የገሳይ ከተማ ሰው ልታገባ ሆነና የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። እኔ የሰፈሩን ዘር ከአክስቴ አፍ በድብቅ የጻፍኩበትን ደብተር በነጠላዬ ሸሽጌ ከአባቴ ጀርባ ተቀመጥኩ። በኩረጃ ስንት ተማሪ ከፈተና ክፍል አስወጥቻለሁ። ያን ቀን ትንሽም አላፈርኩም።

የወንዱን ወገን አንድም ሳይስቱ ጨረሱ። የልጅቱን ከአባት፣ ከአያት ጀምረው ወደ ላይ ወጡ። ስድስተኛው ትውልድ፣ እንጅላቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የዝንብ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አወዛወዙ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ጨነቀኝ፤ ደብተሩን ገልጬ ዓይኔ ያረፈበትን ስም በጆሯቸው ሹክ አልኩ።

አባቴ ቀስ ብለው ዞሩ።

"እሱ የእናትሽ ምንጅላት ነው። ሙሽራይቱን እህትሽ ልታደርጊያት ነው?"

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያባራ ትክክለኛውን ስም ጠሩ፤ ሰባተኛውንም አስከተሉ። ዝምድና የለም ተባለ፣ ተመረቀ፣ ጠላ ተቀዳ። እኔ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ተማሪ አቀርቅሬ ቀዳሁ።

እንግዶቹ እንደወጡ በሩን ዝጊው አሉኝ።

"ጠፍቶብኝ ነበር" አሉ። "የተሳሳተውን ስሰማ ነው የመጣልኝ።"

አንጀቴን በሉት።

"ያን ደብተር አምጪና ጻፊ። ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ከማን ልጀምር?"

"ካንቺ ነዋ፣ ካንቺ ወደ ላይ። ቶሎ በይ፤ አሁን ሁሉም ትዝ ይሉኛል።"