የሚተነፍሰው ጃኬቴና ጋሽ ደምሴ

ያለፈው እሁድ ጠዋት... ጎማ የሚጠግኑት ወዳጄ ጋሽ ደምሴ የዝናብ ጃኬቴን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው «በል እንግዲህ፣ ከአሁን በኋላ አይተነፍስም!» ሲሉኝ፣ እዚያው ጎማዎቹ መሃል ቁጭ ብዬ ማልቀስ ነው ያማረኝ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን የመጣሁት ለፋብሪካ ሥራ ነው። ስድስት ቀን በፈረቃ እለፋና እሁድ ከጋሽ ደምሴ ጋር ከጫጫ ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ ግድብ ዓሣ ለማጥመድ እሄዳለሁ። የምንይዘው ዓሣ እንኳን ለሁለት ቤት ለአንድ ድመትም አይበቃ... ግን በሳምንት ውስጥ አለቃ የማይጠራኝ፣ ማሽን የማይጮህብኝ እዚያ ብቻ ነው። ያቺ እሁድም ባትኖር ምን እንደምሆን እንጃ።

አምና ክረምት ታዲያ እዚያው ግድብ ዳር የሳንባ ምች ይዞኝ ተኛሁ። የለበስኩት ላስቲክ ዝናቡን ከልክሎ በገዛ ላቤ አጥምቆኝ ነበር፤ ከዚያ ያ የደብረ ብርሃን ብርድ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ «ላብህ በላይህ ላይ እየቀዘቀዘ እንዳትቀመጥ። ሁለተኛ ከያዘህ በቀላሉ አይለቅህም» ብሎኛል። ባለቤቴ ምሥራቅ ደግሞ ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ አጭር አድርጋ ነገረችኝ።

«ወይ ደህና የዝናብ ልብስ ትገዛለህ፣ ወይ ዓሣህን ትተዋለህ። እኔ ዘንድሮ አስታማሚ አልሆንም።»

ፍለጋ ጀመርኩ። ከፈረቃ እየወጣሁ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ገበያ ለገበያ ዞርኩ። ላስቲኩ ያው እንዳምናው ነው። ካፖርቱ ውሃ ሲጠጣ በግ የተሸከምኩ ነው የሚመስለኝ። አንዱ ነጋዴ ጭራሽ ጃንጥላ ሊሸጥልኝ ሞከረ... በስንተኛው እጄ እንደምይዘው እሱ ያውቃል።

በመጨረሻ ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ ልጅ ሳልባጅ የሚሸጥበት ደረስኩ። ከክምሩ ሥር አንድ አረንጓዴ ጃኬት መዘዘ።

«ወላሂ ወንድሜ፣ ይሄ ውሃ አያስገባም፤ ግን ይተነፍሳል።»

«እንዴት አድርጎ?» አልኩት። ስንቱ ሸውዶኛል!

ሰይድ አልተናደደም። ሊጠጣው ያስመጣውን ትኩስ ሻይ በጃኬቱ ጨርቅ ሸፈነና ባዶ ብርጭቆ ከላይ ደፋበት። ትንሽ ቆይቶ ባዶው ብርጭቆ በእንፋሎት ደበዘዘ። ቀጥሎ ጨርቁ ላይ ውሃ አፈሰሰ፤ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ እንጂ ጠብታ አላለፈም።

«አየህ? ዝናቡ አይገባም፣ የላብህ እንፋሎት ግን ይወጣል።»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ ዓሣዬን ላጠምድ ነው!

አንድ እንከን ብቻ ነበረው፤ ክርኑ ላይ የምስማር ጫፍ የምታህል ቀዳዳ። ሐሙስ ጠዋት ከአዳር ፈረቃ ስወጣ ጋሽ ደምሴ ጋ ጎራ ብዬ እንዲለጥፉልኝ ሰጠኋቸው። እንቅልፍ አናቴን አዙሮኛል፤ ቢሆንም ጉራዬን ሳልነዛ መሄድ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይተነፍሳል!»

ጋሽ ደምሴ ጃኬቱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ፊታቸው ላይ ሐዘን ነገር ነበር።

«ይተነፍሳል?... አይ ልጄ። አይዞህ፣ ለእኔ ተወው።»

መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነበር። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን «ይተነፍሳል» ሲባሉ የሚያውቁት አየር የሚያፈስ ጎማ ነው!

እናም እሁድ ጠዋት ሄጄ ሳየው... ጃኬቱን ከኮፍያው እስከ ጫፉ፣ ከውስጥም ከውጭም ማስቲሽ ቀብተውታል። መሬት ላይ ቢያስቀምጡት ብቻውን ይቆማል። ሽታው ራስ ያዞራል።

«ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼበታለሁ። በርሜል ውስጥ ነክሬ አየሁት፣ አንድ አረፋ አላወጣም!»

ጣቶቻቸው በማስቲሽ ጠቁረዋል፣ ፊታቸው ግን በደስታ በርቷል። ምን እላለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ለበስኩት።

ከሚኒባስ እንደወረድን ዝናቡ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር አንዲት ጠብታ አልገባችም። አንዲት ጠብታም አልወጣችም። ዳገቱን ወጥተን ግድቡ ዳር ስንቀመጥ ሸሚዜ ታጥቦ ያልተጨመቀ ሆኗል። ከዚያ ነፋሱ መጣ... ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ቢቸግረኝ ጃኬቱን አወለቅኩት።

«አንተ! በዚህ ዝናብ ምን ሆነህ ነው የምታወልቀው?» ብለው ጮኹብኝ።

«ትንሽ ልተንፍስ ብዬ ነው ጋሼ።»

ጋሽ ደምሴ ጃኬቱን አነሱና እጃቸውን በእጅጌው አስገብተው ውስጡን ዳሰሱት። እጃቸው ረጥቦ ወጣ። ያ እርጥበት የዝናብ እንዳልሆነ ገባቸው መሰለኝ፣ ለብ ይል ነበር። የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉና ዕቃችንን መሰብሰብ ጀመሩ።

ይኸው ከተኛሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ምሥራቅ አልተቆጣችኝም፤ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ወስዳ መጋረጃ ሰቀለችበት እንጂ። ዘንድሮ ግድብ የለም ማለት ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ይግቡ ብንላቸው እምቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ቀላል ነው ጋሼ... የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ነው አለኝ።»

የደነገጥኩት «መተንፈሻ» የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጋሽ ደምሴ የጠቆሩ ጣቶቻቸውን እያዩ ቀስ ብለው፦

«እሱንም የደፈንኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አይደለም፣ እርስዎ ምን አደረጉ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ሳሉ ቀደመኝ... ለካ ሰው ለማጽናናትም ትንፋሽ ያስፈልጋል።