የሚዋጠውና የሚታጠቡበት

ያሳደጉኝ እትዬ ተጂቱ መድኃኒት ሲሰጡ ሰው ያናድዱ ነበር። መቱ ሐኪም ቤት በር ላይ ወንበር ስበው ይቀመጡና፣ የታመመው ሰው የተባለውን በራሱ አፍ ካልደገመ መድኃኒቱን ከእጃቸው አይለቁም። ይዋጣል ወይስ ይታጠቡበታል? መቼ? ለማን? ሽማግሌው፣ ነጋዴው፣ ቄሱ ሳይቀር እንደ ተማሪ ቆሞ ይደግማል። የቸኮለች ሴት ገብቶኛል ብትላቸው፣ የገባሽን ንገሪኛ ይሏታል። እኔማ ምርር ብሎኝ ነው ያደግሁት። ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ እንኳ ሳልደግም የዋጥኩት መድኃኒት የለም።

ይህ አመል የመጣው በእናቴ ምክንያት ነው። ታሪኩን ከአባቴም ከእሳቸውም ስለሰማሁት፣ አንዱ የዘለለውን ሌላው ሞልቶልኛል።

ጣሊያን መቱን እንደያዘ ሐኪም ቤት ከፈተ። ፈረንጁ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ወታደሮቹን ሲያክም ይውላል። የአገሬውን ሰው ቁስል የሚያጥቡትና መድኃኒት የሚያድሉት፣ ከወረራው በፊት ጎሬ ከአንዲት ሚሲዮናዊት ሙያውን የተማሩት እትዬ ተጂቱ ነበሩ። ያን ጊዜ ገና ወጣት ናቸው። ሰዉ ደግሞ መድኃኒቱን ይፈራል። ይፍራ እንጂ! አገሩን ያቃጠለበት ጣሊያን የሰጠውን እንዴት አምኖ ይዋጥ? እሳቸው ግን ንዳዱ፣ ወባው ማለት ነው፣ ቤት ለቤት ሲገባ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየለመኑ፣ አንዳንዴም በሽተኛው ፊት ራሳቸው ውጠው እያሳዩ፣ ሰዉን ኪኒን አስለመዱት። በስንት መከራ የተገኘ እምነት ነበር።

ጣጣው ያለው ኪኒን በሚለው ቃል ላይ ነው። ስሙ መጀመሪያ የነጩ የንዳድ መድኃኒት ስም ነበር። እኛ አገር ግን ክብ የሆነ ደረቅ መድኃኒት ሁሉ ኪኒን ነው። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰማያዊ ኪኒን ነበረ፤ ውሃ ውስጥ አሟሙተው ቁስል የሚያጥቡበት፣ ከተዋጠ ግን አንጀት የሚበጣጥስ መርዝ።

አባቴ በዳሳ ከመቱ ወጣ ብሎ የሁሩሙ ገበሬ ነበር። ቡናው ሥር ሲመነጥር ገጀራ እግሩን ቆርጦት፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝበት በገበያ ቀን መቱ መጣ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ በሩ ላይ ሰው ይተራመሳል። እትዬ ተጂቱ ሰማያዊውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡትና «ጠዋትና ማታ፣ በውሃ» አሉት። ውሃ ውስጥ አሟሙተህ ታጠብበት ማለታቸው ነው። አባቴ የሚያውቀው ደግሞ ኪኒን በውሃ እንደሚዋጥ ነው። አመስግኖ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አባስ የሚባል የጨው ነጋዴ ሆዱን አሞት መጣ። ወሬ ሲያነሳ፣ በዳሳን መንገድ ላይ ደስ ብሎት እንዳገኘው ነገራቸው። ሚስቱ በንዳድ ወድቃለች፤ ሰማያዊው ኪኒን ከነጩ ሳይጠነክር አይቀርም ብሎ ገምቷል፤ ማታ ለሁለት ሊካፈሉት ነው። እትዬ ተጂቱ የያዙትን ጥለው ተነሱ።

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚሰጥ ሹም እስኪገኝ መሸ ማለት ነው። የአባስን በቅሎ ለምነው፣ ነጩን ኪኒን ይዘው፣ ኬላውን በጫካ ዞረው ወጡ። ቢያዙ ለአርበኞች መድኃኒት ልታቀብል ነው ተብለው እንደሚገረፉ ያውቃሉ። መንገዱን ሁሉ የጸለዩት ግን ባልና ሚስቱ መድኃኒቱን ሳይወስዱ እንዲቆዩ ነበር።

ሲደርሱ ቤቱ ሕመምተኛ ሊጠይቅ በመጣ ጎረቤት ሞልቷል። እናቴ ዋሪቱ አጎዛ ላይ ተኝታለች፤ እኔ እቅፏ ውስጥ ነኝ። ኪኒኑ መዳፏ ላይ ነው። አባቴ ውሃውን በቅል ይዞላታል።

«አትዋጪው» አሉ እትዬ ተጂቱ ከበሩ ሳያልፉ።

እናቴ በትኩሳት የቀላ ዓይኗን አነሳች። «የሰጡን እርስዎ አይደሉ እንዴ? አሁን ለምን ይከለክሉኛል?»

በለሰለሰ ቃል ሊያስረዷት ሞከሩ። ይህ ለቁስል ነው፣ ላንቺ የሚሆነውን ይዤልሻለሁ አሏት። ማን ይመናቸው? ጎረቤቱ ጥሩውን መድኃኒት ጣሊያን ሊያስመልስ ላካት እያለ ያጉረመርም ጀመር። እናቴ እጇን ወደ አፏ አነሳች። መርዝ የምትለዋ ቃል ያ ሁሉ ሰው ፊት ከወጣች ምን እንደምታስከትል እትዬ ተጂቱ አውቀዋል። ቢሆንም አወጧት።

«ሱሚ ዳ። መርዝ ነው፣ ዋሪቱ። የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ተሳሳትኩ።»

ኪኒኑ ከእጇ ወደቀ። አባቴም የራሱን ጣለ። እትዬ ተጂቱ ነጩን አውጥተው፣ ፊቷ አንዱን ውጠው አሳይተው፣ የቀረውን ሰጧት። እናቴም እንግዳ ላለማሳፈር እሺ ብላ ተቀበለች።

ወሬው ግን ሳይውል ሳያድር ያዮ ድረስ ዘለቀ። የጣሊያን ኪኒን ሱሚ ነው፤ የምታድለዋ ሴት ራሷ አምናለች! ሰዉ በየቤቱ ያለውን ነጭ ኪኒን ወንዝ ጣለው። መቱ ሐኪም ቤት በር ላይ ሰልፉ ጠፋ። ያን ዓመት ንዳዱ የጨረሰውን ሕዝብ ቁጥር የሚያውቅ የለም። እኔ በእትዬ ተጂቱ ላይ ብዙ ተናድጃለሁ። ታጠብበት የምትል አንዲት ቃል መጨመር ምን ከበዳቸው? እላለሁ። ደግሞ ያን ሁሉ ሰው በር ላይ አቁመው ብቻቸውን ምን ያድርጉ ብዬ አዝንላቸዋለሁ።

እናቴ ጥቅምት ሳይገባ ሞተች። ንዳዱ ነው የገደላት።

እትዬ ተጂቱ ለልቅሶ ሲመጡ ቦታ የለቀቀላቸው አልነበረም፤ ደጅ ቆሙ። አባቴ እኔን ታቅፎ ወደ እሳቸው ወጣ። እናቴ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራው የነበረውን ነገር ፊታቸው ፈታው። ነጩ ኪኒን ነው። አልተነካም።

«ይሄኛው የሚዋጠው ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አዎ» አሉት።

ርቦኝ አለቅስ ነበርና አባቴ አስታቀፋቸው።