ለየሺ ግሩፑ ላይ የጻፍኩት እርግማን

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ሐዘኑን፣ እግዜር ይመስገን፣ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት በሰልስቱ ዕለት በገዛ ጣቴ የጻፍኩትን ነው።

ቢቸና አብረን የተማርን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አባቴ ሲሞት ከሉማሜም ከየጁቤም ድረስ እየመጡ አስተዛዘኑኝ። የሺ ግን አልመጣችም። ስሟን ቀይሬዋለሁ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ያደግን፣ አባቴን "አባባ" የምትል፣ ሞጣ ያገባች ጓደኛዬ ናት። ግሩፑ ላይ አንዲት የምታለቅስ ፊት ልካ ዝም አለች።

ለቀስተኛው ሁሉ "የሺስ?" ይለኛል። ደሜ ፈላ። እኔ ደግሞ ስቆጣ አፌ ልጓም የለውም። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ "ለአባባ ይቺ ናት ዋጋው? ያንቺ ለቅሶ ቀን አንድም ሰው አይድረስልሽ!" ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ።

"እውነቷን ነው" እያሉ የጨመሩበት አሉ። አንድ ልጅ ብቻ "ኧረ በውስጥ አናግሪያት፣ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይጻፍም" አለ። "አንተን ምን አገባህ!" አልኩት። የሺ አንድ ቃል ሳትመልስ ከግሩፑ ወጣች። ጭራሽ ናቀችኝ ብዬ ስልኳንም ቴሌግራሟንም ብሎክ አደረግኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ዘመዷ ገበያ ላይ አግኝታኝ "የሺን እንኳን እግዜር አተረፋት" አለችኝ።

"ምን ሆና?"

"አስወርዷት ነዋ! አልሰማሽም?"

በማግስቱ ማልጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን እንኳ ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም ነበር። ቤቷ ስደርስ እግሯ ላይ ወደቅኩ። "ተነሺ" አለችኝና ስልኳን ሰጠችኝ።

ለእኔ የጻፈቻቸው መልእክቶች ናቸው። ብሎክ ስላደረግኳት አንዱም አልደረሰኝም። "አባባን ሳልቀብር ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ። አርግዣለሁ፣ አራተኛ ወሬ ነው። ሁለት ጊዜ እንዳስወረደኝ ታውቂያለሽ፤ ከአልጋ እንዳትነሺ ተብያለሁ። ለማንም አትንገሪ።" የመጨረሻው "ደም እየፈሰሰኝ ነው። ባሌ ለሥራ ወጥቷል። ፈርቻለሁ፣ ነይልኝ" ይላል።

"እንዳልሽው ሆነ" አለችኝ። "ማንም አልደረሰልኝም።"

ምነው ያን ቀን ጣቴን በቆረጠው! ጮኼ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። "ይቅር ለእግዜር። አሁን ግን ሂጂልኝ" አለችኝ።

ተመልሼ ግሩፑ ላይ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የሺ ምንም አላጠፋችም" ብዬ ጻፍኩ። ያኔ "እውነቷን ነው" ያሉት ሳይቀሩ ልብና አበባ ላኩልኝ። ምን ያደርግልኛል? እሷ የለችበት!

የንስሐ አባቴ "እግዚአብሔር በንዴት የተባለን ሰምቶ ልጅ አይነሳም" ይሉኛል። ልቤ አላምን አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

ብሎኩን ካነሳሁ ቆየሁ። በየእሁዱ እጽፍላታለሁ፤ እንዴት እንደሰነበተች እጠይቃታለሁ። እንዳነበበችው ይታየኛል። አትመልስልኝም። ማንበቡንም የተወችው ቀን ምን እንደምሆን እንጃ።