ዋልተር የጠገኑት ሲኒ

እንደ ፈረንጆቹ በ2008 አይናዲስ ጋርላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ አንዲት አሮጊት ትጦር ነበር። ዶሪስ ይባላሉ፤ እሷ ግን እማማ ትላቸዋለች፣ ለምደውታል። መርሳት የጀመሩ፣ ፀባያቸው ማር የሆነ ሴት ናቸው። ቁምሳጥናቸው ሙሉ የጥንት ፖርስሊን ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የቡና፣ የቸኮላት ሲኒ። የሚጠጡት ግን በአንዱ ብቻ ነው። ጠበብ፣ ረዘም ያለ የቸኮላት ሲኒ፤ ማስቀመጫ ሳህኑ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም እንዳይወድቅ ተብሎ የተሠራ።

ጠዋት ጠዋት ባላቸው ዋልተር የት እንዳሉ ይጠይቃሉ። አይናዲስ መልስ ሳትሰጥ ትኩስ ቸኮላት በዚያ ሲኒ ታቀርብላቸዋለች። እሳቸውም ከሲኒው ጆሮ ሥር ያለውን ቢጫ መስመር ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ጥያቄያቸውን ትተው ይጠጣሉ። ለምን እንደሚዳስሱት ጠይቃ አታውቅም፤ ማረፋቸው በቅቷት ነበር።

መቼም የእኛ ሰው በዓል ሲደርስ ዕቃውን በረኪና ውስጥ ካልዘፈዘፈ ልቡ አይረካም። ለልደታቸው ልጃቸው ከፍሪስኮ ከተማ ትመጣለች ሲባል፣ አይናዲስ ቢጫውን እድፍ ነው ብላ ሲኒውን በሙቅ ውሃና በበረኪና ዘፈዘፈችው። ምነው እጇን በቆረጠው! ስታወጣው ጆሮው ተገንጥሎ ውሃው ውስጥ ቀረ።

ልጅየዋ አልተቆጣችም። መስመሩ ሙጫ እንደነበር ነገረቻት፤ አባቷ ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው አልጋ ላይ ሆነው የጠገኑት። እናቷ ሲዳስሱት የባላቸው መሞት ትዝ ይላቸዋል፣ ትዝ ሲላቸውም ያርፋሉ።  አይናዲስ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ ላስጠግነው ብትል፣ ልጅየዋ አይሆንም አለች። የሌላ ሰው እጅ የጠገነው ምን ያስታውሳቸዋል?

ከዚያ ወዲያ እማማ የሚዳስሱት ነገር ጠፋ፤ ቸኮላቱ ብቻውን ጥያቄያቸውን አላስቆመም። ዋልተር የታል ባሉ ቁጥር አይናዲስ ሞተዋል ትላለች፤ እሳቸውም እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። አገር ቤት መርዶ ጎረቤት ተሰብስቦ አንዴ ይነገራል፣ ያበቃል። እሷ ብቻዋን፣ ለዚያውም የአንድ ሰው መርዶ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አረዳች። ደግሞም እያንዳንዱን ለቅሶ በገዛ እጇ ያመጣችው ይመስላት ነበር።

በአሥረኛው ቀን አንጀቷ አልቻለም።

"ዋልተር የታል?"

"ሲኒዎን እየጠገኑልዎት ነው፣ እማማ።"

ፊታቸው በራ። ከተጋባን ጀምሮ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም አሉና ቸኮላቱን ገፋ አደረጉት።

"እንግዲያው እሱ ሳይመጣ አልጠጣም" አሉ፤ ወንበራቸውንም ወደ በሩ እንድታዞርላቸው ለመኗት።