ምራቴ ዝይዋ

ወንድሜ ሚስት አላገባም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን "ኧረ አግብቷል፤ ምራቴ ሐይቁ ላይ ናት" እላለሁ። ምራቴ የምላት ዝይ ናት። ወንድሜ ፀጉሩ ገና ሳይሸብት፣ ክንፏ ተሰብሮ ሸምበቆ ውስጥ ወድቃ አገኛት። ክንፏ ቢጠገንም ርቃ መብረር አልሆነላትም፤ አብረዋት የመጡት ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷ እኛ ዘንድ ቀረች።

ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ የሐይቁ ጠባቂ ነው። ሥራው ጀልባ ላይ ሆኖ ቆሻሻ መልቀም፣ የተቀደደ መረብ ማውጣት፣ ተደብቆ ዓሣ የሚያጠምደውን መስደብ ነው። ስድብ ላይ እንኳ ጎበዝ አይደለም፤ የምሰድብለት እኔ ነኝ። ዝይዋን የሚጠራት በፉጨት ነበር። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አንዴ ሲያፏጭ፣ ከማዶ ውሃውን እየሰነጠቀች ትመጣለች። እኔ ዳቦ ይዤ ስለምናት ጀርባዋን ነው የምትሰጠኝ። ኩራቷ! ጋሼ በኋላ በኋላ ሻይ ሲያፈላ እኔንም በዚያው ፉጨት ይጠራኝ ጀመር። "ዝይህ ነኝ እንዴ?" ስለው፣ "እሷማ ስጠራት ቶሎ ትመጣለች" ይለኛል።

ብርዱ ሲገባ ስደተኞቹ ወፎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። መንገድ የጎዳቸው ዳር ላይ ይወድቃሉ። በሰፈራችን የደከመ ወፍ ያገኘ ሁሉ በቅርጫት ይዞ፣ በሻርፕ ጠቅልሎ ወደ ወንድሜ ያመጣል። እሱ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ያሞቀዋል፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ያጠጣዋል፣ በእኔ ዶሮ ቤት ያሳድረውና ሲነጋ ይለቀዋል። እናታችንም እንዲሁ ታደርግ ነበር። እኛ ጽድቅ ነው ብለን ነው።

ባለፈው ዓመት የወደቁት ዳክዬዎች በዙ። አንገታቸው ይጠማዘዛል፤ መዋኘት አቅቷቸው አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራሉ። "ዘንድሮ መንገዱ ከብዷቸዋል" አለ ጋሼ። እኔም "ውይ፣ አንጀቴን በሉት!" ብዬ ዶሮ ቤቱን ከፈትኩላቸው። በገዛ እጄ!

ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት እንቁላል ልለቅም ስገባ ክው አልኩ። ዶሮዎቼ በሙሉ ተዘርረዋል። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሯል። ዳክዬዎቹም አጠገባቸው ደርቀዋል።

"ጋሼ! ና ጉድህን እይ! ፈጀሃቸው እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

ሮጦ መጣ። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ ሐይቁ በረረ፤ እኔም ተከተልኩት። ዳሩ ላይ ደረስን። ዳክዬዎች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል፤ ውሃው አይታይም። እኔን ይድፋኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ምራቴ ግን መሀል ላይ ሆና ምንም እንዳልተፈጠረ ላባዋን ታበጥራለች።

የእንስሳት ሐኪሟ ከባልደረቦቿ ጋር መጣች፤ ከራስ እስከ እግር ነጭ ፕላስቲክ ለብሳለች። ዳክዬዎቹን መርምራ "የወፍ ጉንፋን ነው" አለች።

"ጉንፋን? ጉንፋንን በሎሚ የምናባርር ሰዎች ነን እኮ!" አልኳት።

"ይሄኛው በሎሚ አይሄድም፣ እናቴ። ማን ነክቷቸዋል?"

ጎረቤቱ ሁሉ ወንድሜን አየው።

"ኮቴ ውስጥ ነበሩ" አለ ጋሼ።

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። ባልደረቦቿ እዚያው ለምርመራ ናሙና ወሰዱብን፤ ጓንት አልብሰው፣ መድኃኒት ሰጥተው "ውጤቱ እስኪመጣ ከሰው አትቀላቀሉ" አሉን። ጋሼ ግን ዓይኑን ከሐይቁ አልነቀለም።

ሐኪሟ ዓይኑን ተከትላ አየች። "ያቺስ?"

"ያቺ ደህና ናት" አለ ቶሎ ብሎ።

"እኔን የሚያስፈራኝ ደህና መምሰሏ ነው። ዝይ ሳትታመም በሽታውን ልትሸከም ትችላለች። የዱር ወፎቹን አንነካም፤ እሷ ግን ከነሱ ጋር ውላ እናንተ ግቢ ታድራለች፣ በየሰዉ በር ትዞራለች። መወገድ አለባት።"

በጀልባ ከበቧት፣ መረብ ጣሉባት። ወይ ፍንክች! እኔ ውስጤ "በርቺ ምራቴ!" እላለሁ። ሲደክማቸው ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ወደ ወንድሜ መጣች።

"አባቴ፣ ለእርስዎ ትመጣለች ይባላል።"

"እሱ ጠርቶ ያስገድላት? ምን ዓይነት ልብ ነው ያላችሁ!" ብዬ ጮህኩባት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ጋሼ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ቁጭ አለ። ወደ ሐኪሟ ዞሮ፣ "ከተውናት የጎረቤቶቼ ዶሮ ያልቃል?" አላት።

"ሊያልቅ ይችላል። ሰውም ሊያዝ ይችላል።"

ያለበሱትን ጓንት ከአንድ እጁ አወለቀ፤ ጣቱን በሰጡት የእጅ ማጽጃ አጸዳና አፉ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣም፤ አፉ ደርቋል። ደገመው።

ዝይዋ አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ በነዚያ ሁሉ ሬሳዎች መሀል ውሃውን እየሰነጠቀች መጣች። ነጭ ለባሾቹን አልፋ እግሩ ሥር ቆመች።

"ጓንቱን መልሰው ያድርጉ፣ አባቴ" አለችው ሐኪሟ በቀስታ።

አጠለቀና አቀፋት። በጓንት ነክቷት አያውቅም፤ ምን እንደሆነ ግራ ገብቷት ጣቱን በአፏ ትነካካለች። መርፌውን እቅፉ ውስጥ እንዳለች ወጓት። አንገቷ ክንዱ ላይ ዘንበል አለ።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁለታችንም ነፃ ሆንን። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

"ጋሼ፣ ተርፈናል እኮ! ደስ አይልህም?"

"ሳፏጭ ትቀራለች ብዬ ነበር" አለኝ። "ሰዎቹን ትፈራለች፤ እኔም ሞከርኩ እላለሁ፤ እሷም ትቀራለች ብዬ። እኔን የገደለኝ መምጣቷ ነው።"

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አሁን ሻይ ሲያፈላ በር ላይ ቆሞ በስሜ ነው የሚጠራኝ። የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ ቶሎ እሄድለታለሁ።