አልቀመጥ ያሉት ሽማግሌዎች

የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ነው፣ ክረምት ሊገባ ሲል። ሰው "ያለፈ ነገር ነው፣ ተዪው" ይለኛል። እኔ ግን የቤቴ በር በጠዋት በተንኳኳ ቁጥር አሁንም ሳልከፍት እቆማለሁ። ከከፈትሁ በኋላ ደግሞ ንዴቱ ይመጣል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነውና ስሕተት ብታገኙ እለፉኝ።

የተወለድሁት ወሎ፣ ሐይቅ ነው። መቀሌ የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አላማጣ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሲሞት ልጃችን ሐያት ገና ፊደል አልቆጠረችም። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ነጠላና ሽርጥ እየሸጥሁ አሳደግኋት። የባለቤቴን መርዶ ያመጡልኝ ሰዎች ጎህ ሲቀድ ነው የመጡት። "ተቀመጡ" ብላቸው እንቢ ብለው፣ ቆመው ነው የነገሩኝ። ይህን አስታውሱልኝ።

ሐያት ዩኒቨርሲቲ ገባች። የምትማረው ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው፤ ውስጡ የአሜሪካ ጥናት የሚባልም ነበረበት። ጎረቤቴ አደይ ለተብርሃን "አሜሪካን ለማጥናት እዚያው መሄድ አይሻላትም? እዚህ ሆና በምኗ ታየዋለች?" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም አይገባኝም። ጨርቅ ስናጣጥፍ ሐያት ታስረዳኛለች።

"እማ፣ አገርና አገር ሲኳረፍ መልእክተኛ ይላላካል። መልእክተኛው አድርሶ ብቻ አይቀርም፣ መልስ ይዞ ይመለሳል" አለችኝ አንድ ቀን።

"ታዲያ ይኼ ሽማግሌ አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የምትማሪው?" ስላት በሳቅ ፈረሰች።

መጨረሻው ዓመት ላይ የሥራ ልምምድ አለባቸው። እሷን የመደቧት ሓወልቲ አካባቢ፣ የውጭ አገር እንግዶች የሚመላለሱበት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራዋን አይቶ ውጤት የሚሰጣት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው። የሱ ውጤት ከሌለ መመረቅ የለም። መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ እስክትታጠፍ አያታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ልምምዱ ሊያልቅ ሲቃረብ ኃላፊው ከእንግዶች ጋር አስተርጓሚ አድርጎ አዲግራት ላካት። እንደ ደረሰች ደወለችልኝ። ከዚያ በኋላ ስልኳ እንቢ አለ። የመኪና መንገድ ሲነሣ እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ ስገላበጥ አደርሁ።

ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ገና ከመስገጃዬ ሳልነሣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈራችን መስጊድ ኢማም ሼህ እንድሪስ ናቸው። ከኋላቸው አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ አቦይ ኪሮስ፣ ሌላም የማላውቀው ሰው አለ። ነጭ ለብሰዋል። ዐይናቸው መሬት ላይ ነው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልሁ።

"አንቀመጥም" አሉ ሼህ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰው ነው የነገረኝ። ሻሼን ጥዬ፣ ደረቴን እየደቃሁ "ልጄን፣ እንደ አባቷ መንገድ በላት" እያልሁ ወድቄአለሁ። አደይ ለተብርሃን በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ "ዋይ ሐያት ጓለይ፣ ዋይ ልጄ" ብላ ለቅሶውን ተቀበለችኝ። ግቢው በሰው ሞላ። ሼህ እንድሪስ እጃቸውን እያወዛወዙ "ኧረ ለደግ ነው፣ ለደግ ነው የመጣነው" ቢሉ ማን ይስማቸው። የእድሩ ሰው ድንኳን ሊያመጣ ወጥቶ ነበር አሉ።

በመጨረሻ አቦይ ኪሮስ ክንዴን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። "አጆኺ ጓለይ፣ በርቺ። ልጅሽ ደኅና ናት። ልንለምንሽ ነው የመጣነው። ለጋብቻ።"

አደይ ለተብርሃን እንባዋን እየጠረገች "አሁን እልል ልበል ወይስ ማልቀሴን ልቀጥል?" ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። "ማነው የላካችሁ?" አልሁ።

ነገሩኝ። ኃላፊው ነው። ውጤት የሚሰጣት ሰው። ራሱ አዲግራት ልኳት፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ እሷን አንድ ቃል ሳይጠይቅ ሽማግሌ ላከብኝ። ሼህ እንድሪስ ትልቅ ሥራ ያለው፣ የተከበረ ሰው መሆኑን እንጂ ሐያት በሱ እጅ ውስጥ ያለች ተማሪ መሆኗን አላወቁም። እሱ አልነገራቸውም።

"ልጄ ተማሪ ናት፤ ትጨርስ። አልሰጥም" ብዬ መለስኋቸው።

ሲወጡ ለተብርሃን ዞረችብኝ። "ቤት አለው፣ መኪና አለው። አሜሪካን ከምታጠና ቤቷን ብትይዝ ምን ትሆናለች?" አለች። ለሦስት ቀን አላናገርኋትም።

ሐያት ስትመለስ ነገርኋት። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ልምምዷን ግን ጨረሰች። ምርቃቱ ሲደርስ ጓደኞቿ ጋዋን ሲያመጡ እሷ ከቤት አልወጣችም። ምግብ ቀነሰች። አንድ ቀን ነጠላውን እየዘረጋሁ "ልጄ፣ ምን ደብቀሽኛል?" አልኋት።

"ውጤቴን አልሰጠኝም። 'ልምምድሽ አልተሟላም፣ እናትሽ ረጋ ብላ ስታስብ እንነጋገራለን' አለኝ። ትምህርት ክፍሉ ከሱ ካልመጣ አናውቅም ይላል። እማ፣ ተይው፣ የሚመጣው ዓመት ሌላ ቦታ እለማመዳለሁ።"

ፈራሁ። የሰው አገር ናት፣ ባል የለኝ፣ ሰውየው ባለሥልጣን። ግን ንዴቱ ፍርሃቴን ቀደመው። ሱቄን ከፍቼ እንደ ተውሁት መስጊድ በር ሄድሁ፤ ሼህ እንድሪስ ዙሁር ሰግደው እስኪወጡ ጠበቅሁ።

"ሼህ፣ መልእክት አምጥተውልኛል። መልሴን ግን በደንብ አላደረሱልኝም" አልኋቸው።

"እምቢ አለች ብለን ነገርነው እኮ።"

"እሱ ግን የኔን እምቢታ ከልጄ ትምህርት ላይ እየተበቀለ ነው" ብዬ ሁሉንም ዘረዘርሁላቸው።

"እና በኔ ጥምጣም ነው የሰውን ልጅ መያዣ ያደረገው?" አሉ ሼህ እንድሪስ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ከአቦይ ኪሮስ ጋር ነጭ ለብሰው ሓወልቲ ሄዱ። እኔም ከኋላ ተከተልሁ። ጸሐፊዋ ሽማግሌዎቹን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ዋይ፣ ማን ሞተ?" አለች።

"ሰው አልሞተም፤ የሞተው ይሉኝታ ነው" አሏት አቦይ ኪሮስ።

ገባን። ኃላፊው ብድግ ብሎ "እንዴ አባቶቼ፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አለ።

"አንቀመጥም" አሉ ሼህ።

እንደኔ ደረቱን አልደቃም። ግን ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። "እኔ በክብር ነው የላክሁት። በክብር መጠየቅ ነውር ነው?" አለ።

"አንተ የጠየቅኸው ሚስት ነው። የያዝኸው የተማሪ ውጤት ነው። ከእኛ ጋር የላክኸው የትኛውን ነበር?" አሉ ሼህ እንድሪስ።

በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ሠራተኞች ቆመዋል። እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች በደከመ ጉልበታቸው እንደ ቆሙ እሱም መቀመጥ አልቻለም። በዚያች ቀን ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ሐያት ከጓደኞቿ ጋር ተመረቀች። አሁን አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች።

ሰው "ተሳክቶልሻል፣ ምን ያናድድሻል?" ይለኛል። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ ሰውየው ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ አለ። ገበያ ሲያገኘኝ "እንዴት ነሽ እናቴ" ይለኛል፣ ምንም እንዳልሠራ። በየዓመቱም አዳዲስ ተማሪዎች ይላኩለታል። ሼህ እንድሪስ ግን ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ሲሄዱ በሩ ሳይከፈት ከውጭ "ለደግ ነው" ብለው ይጣራሉ።

ጠዋት ሱቄን ስከፍት መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ሓወልቲ የሚሄዱ ልጆች በፊቴ ያልፋሉ። እየሳቁ፣ እየተቻኮሉ። አንዷን አስቁሜ "ልጄ፣ የሚቆምልሽ ሽማግሌ አለሽ ወይ?" ልላት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ለመማር ይኼ ለምን ያስፈልጋታል?